ከጋቢ የማይለቅ ሽታ

ስለ ኢሉባቡር ሲጻፍ ቡናዋ፣ ማሯና ደኗ ይነሳሉ፡፡ እኔ ዛሬ የማነሳው ሽታዋን ነው፡፡ ሽታ ስል የቡና አበባ መዓዛ ማለቴ አይደለም፤ ድመት የሸናችበት ጋቢ ሽታ ማለቴ ነው፡፡ አንባቢዬ ሆይ፣ አፍንጫዎን ከመያዝዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ፡፡

መቱ ዝናብ የማይጠግብ አገር ናት፡፡ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፡፡ በክረምት የታጠበ ጋቢ ቀናት ሙሉ ቢሰጣም አይደርቅም፡፡ ድመት ደግሞ ክረምት ሲገባ ደረቅና ሞቃት ቦታ ትሻለች፤ ከተጣጠፈ ጋቢ የተሻለ ምን ታገኛለች? ጋቢው ይታጠባል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ አየሩ ሲረጥብ ግን ተመልሶ ይመጣል፡፡ በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በውኃ እምብዛም አይሟሟምና ደርቆ በክሩ መካከል ይቀመጣል፤ እርጥበት ባገኘው ቁጥርም ይቀሰቀሳል፡፡ ፌሊኒን የሚባል ንጥረ ነገርም አለ፤ በድመትና በጥቂት ዘመዶቿ ሽንት ብቻ የሚገኝ፡፡ እርሱ ሲፈራርስ ነው ያ ድኝ የቀላቀለ ኃይለኛ ጠረን የሚወጣው፤ በወንዱም ላይ ይበረታል፡፡

እናቶቻችን ዩሪክ አሲድ የሚባል ስም ሳይሰሙ መድኃኒቱን ያውቁት ነበር፡፡ የአመድ ውኃ አጥልለው ጋቢውን ይዘፈዝፉታል፤ ቀጥሎ በእንዶድ አረፋ ያሹታል፤ ፀሐይ ከተገኘ ያሰጡታል፤ በመጨረሻም በወይራ ጭስ ያጥኑታል፡፡ የአመዱ ውኃ ውኃ ብቻውን ያልቻለውን አሲድ ያሟሟል፤ እንዶዱ ሳሙና ነው፡፡ (ይኸው እንዶድ ነው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የዶክተር አክሊሉ ለማን ዓይን የሳበው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዚያ ምርምራቸውም ከዚያ ተነሣ፡፡) ዛሬ በአመዱ ፈንታ በረኪና የሚያፈሱ አሉ፤ አደገኛ ነው፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና፡፡ ሶር ፏፏቴ ዳር ለማደር ድንኳን የሚሸከሙ ወጣቶችም ይህን ይወቁ፤ የድንኳን ጨርቅ ውኃ እንዳያስገባ የተቀባው ቅብ በአመድም በፈላ ውኃም ይላጣልና ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ አጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ፈጽሞ እስኪደርቅ መስቀል ይሻላል፡፡

የወይራው ጭስ ግን ሽታውን አያወጣውም፤ ይሸፍነዋል፡፡ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጀምረው፡፡

በዚሁ ደን ውስጥ ጥሪኝ ይኖራል፡፡ ብዙ ሰው የዱር ድመት ይለዋል፤ ሳይንስ ግን ከድመት ቤተሰብ ለይቶ ያስቀምጠዋል፡፡ ዝባዱም ሽንት አይደለም፤ ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣ ቅባት ነው፡፡ ትኩሱን ያሸተተ ሰው ግን ይህን ልዩነት የሚያነሣ አይመስለኝም! እጅግ ሲቀጥን ነው መዓዛ የሚሆነው፤ ከዚያም በላይ ሌሎችን ሽቶዎች ይዞ ከጨርቅና ከገላ እንዳይበኑ ያደርጋል፡፡ እኛ ከጋቢያችን ልናባርረው የምንታገለውን ያንኑ አለመልቀቅ ሽቶ ቀማሚዎች በወርቅ ይገዙት ነበር፡፡ ዝባድ የሚለው ቃላችንና ፈረንጆች ጥሪኝን የሚጠሩበት ሲቬት የሚለው ስም ከአንድ የዐረብኛ ሥር የመጡ ናቸው፤ ስሙም እንደ ሸቀጡ በነጋዴ አፍ ተጉዟል፡፡

እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 አባ ባጊቦ በገዛት በሊሙ እናርያ፣ በሰቃ ገበያ ዝባድ ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና (ሳንዘነጋ) ከባሪያ ጋር ይሸጥ ነበር፡፡ በከብት ቀንድ ታጭቆ፣ አፉ በቆዳ ተለጉሞ፣ ከሲራራው ጋር በጎጃም ባሶ በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል፡፡ ኋላ ዘመን የጎሬ ሆነ፡፡ በ1894 ዓ.ም. ውል መሠረት እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አቋቋሙ፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከሱዳን ይመጣ ጀመር፡፡ ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው፡፡ በባሮ የሚወርደው ግን በብዛት ቡና ነው፡፡ ዝባድ መርከብ አይጠይቅም፤ አንድ ቀንድ በአንድ ነጋዴ ከረጢት ይገባል፡፡

የቀንዱ መሙላት ግን ዋጋ አለው፡፡ ወንዱ ጥሪኝ ከዱር ተይዞ፣ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ጉረኖ ይታሰራል፤ ቤቱ ጨለማና ጭስ ነው፣ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ተብሎ፡፡ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ እግሩና ጅራቱ ተይዞ ዕጢው በማንኪያ ይጫራል፡፡ ባዕድ ዓይን እንዳያየው ይጠበቃል፡፡ አንጥረኛ በወርቁ፣ ሸማኔ በሸማው ይመሰገናል፤ ስለ ጥሪኙ ግን የዘፈነ አልሰማሁም፡፡

ከዚያ ኬሚስቱ ገባ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና መዓዛ የሲቬቶንን አሠራር ደረሰበት፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፡፡ በፋብሪካ የሚሠራው ዝባድ መንገዱን አገኘ፤ ሻኔል ቁጥር 5 የተባለው ዝነኛ ሽቶ በ1998 የተፈጥሮ ዝባድን መጠቀም ተወ፡፡ በዚያው ሰሞን ስለ ጉረኖው ጭካኔ ከውጭ አገር የተነሣው ጩኸትም ነበር፡፡ ጩኸቱ ትክክል ነው እላለሁ፤ ነገር ግን የተጮኸው በአርቢው ገበሬ ላይ እንጂ ለዘመናት ሽቶውን በነቀሰችው እመቤት ላይ አይደለም፡፡ ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንዳተረፈ ለማወቅ የሒሳብ መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም፡፡

ዝባድ የነካው ነጠላ ያለው ሰው ቢኖር፣ በአመድ ውኃ አይድከም፡፡ ቅባት ነውና አስቀድሞ ጠንከር ያለ አረቄ በጥጥ ነክሮ ደጋግሞ ይጥረገው፤ ቀጥሎ በሳሙና ይጠበው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላልሰው፡፡ ያም ሆኖ ነጠላው በፀሐይ ሲሞቅ ትንሽ ይሸታል፡፡