ስም ያላቸውና ስም የሌላቸው ዓሦች

በመስታወት ገንዳዬ ስድስት ጥቁር ቴትራዎች አሉኝ። ጠንካሮች ናቸው፤ ለብቻ መኖር ግን አይሆንላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1895 ቡላንዤ የተባለ የለንደን ሊቅ ይህችን የደቡብ አሜሪካ ዓሣ በሰብሳቢዋ በተርኔትስ ስም ሰየማት። ከዚያ 60 ዓመት ቀድሞ፣ በ1835፣ ጀርመናዊው ሩፔል አንዲቱን የጣና ዓሣ በደንቢያ ስም መዝግቧታል። በ2007 ደግሞ አበበ ጌታሁን ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር የእርሷን ዘመድ «ደምበጫ» አሏት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ወንጪት ከጀማ ተገናኝቶ በገደል መካከል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በውስጣቸው ስለሚኖረው ፍጥረት በልጅነቴ የሰማሁት ስም ግን «ዓሣ» የሚል ብቻ ነበር። ለበጉ ቀለም፣ ለገብሱ ዘር ስም የማይቸግረው አንደበታችን፣ ለወንዙ ስለምን ነፈገ? ስም የሌለው የሞተ እንደሆነ፣ አልቃሽ ማን ብላ ታነሣዋለች?