የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጌም መጫወቻዎች አያያዝ እና ጽዳት

እንደ ፕሌይስቴሽን እና ኤክስቦክስ ያሉ መጫወቻዎች በውስጣቸው ከኮምፒውተር ብዙም አይለዩም። የሚሞቅ ፕሮሰሰር፣ ሙቀቱን የሚያስወጣ ማራገቢያ እና መረጃ የሚከማችበት ክፍል አላቸው። በመሆኑም አቧራ፣ ሙቀት እና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ዋነኛ ጠላቶቻቸው ናቸው።

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የመጣ መጫወቻ ከመሰካቱ በፊት በጀርባው ወይም በኃይል ማቅረቢያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ ይሠራል፤ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። የሶኬት ቅርጽ መለወጫ ቮልቴጅ አይቀንስም፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው መጫወቻውን ገና በመጀመሪያው ቀን ሊያቃጥለው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ መጫወቻውን ከሶኬት መንቀል፣ ኃይሉ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላም መልሶ መሰካት ይገባል። ስታቢላይዘር መዋዠቁን ያስተካክላል እንጂ በመጥፋቱ ጊዜ ኃይል አይሰጥም። ብርቱካናማ መብራት የሚያሳይ ፕሌይስቴሽን 4 ተኝቷል እንጂ አልጠፋም፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይመረጣል። መብራት በድንገት ከጠፋበት በኋላ በአግባቡ አልነሳ ካለ፣ የማብሪያ ቁልፉን ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ 7 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት እና ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ ማገናኘት ነው። በሚመጣው ዝርዝር 5ኛው አማራጭ የመረጃ ማውጫውን ዳግም ያደራጃል። 6ኛው እና 7ኛው ግን ልጆች ለወራት የደረሱበትን የጨዋታ ደረጃ ጨምሮ በመሣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚሰርዙ በችኮላ መመረጥ የለባቸውም።

በብዙ ቤቶች ቴሌቪዥኑም መጫወቻውም ዳንቴል ይለብሳል። መሣሪያው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይህ ከአቧራ የሚጠብቅ መልካም ልማድ ነው፤ እየሠራ ሳለ ግን ዳንቴሉ የአየር መውጫውን ይዘጋል። በዙሪያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ መተው፣ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በምንጣፍ ላይ አለማስቀመጥ ይገባል።

ለማጽዳት መጀመሪያ ከሶኬት ነቅሎ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ውጫዊ አካሉ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ የአየር ቀዳዳዎቹ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳሉ። እርጥብ ጨርቅና ሳሙና አያስፈልጉም። የጌም ሲዲ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጠረጋል፤ ክብ እየሠሩ መጥረግ ጭረቱን ያባብሳል።

የማራገቢያው ድምፅ ከወትሮው ከጨመረ ወይም መሣሪያው በጨዋታ መሃል ራሱን ካጠፋ፣ በውስጡ አቧራ ተጠራቅሟል ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሙቀት የሚወዱ በረሮዎችም በውስጡ ሊራቡ ይችላሉ። ኃይል ማቅረቢያው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ስለሚችል፣ መክፈቱን ለባለሙያ መተው ተገቢ ነው። ለጥገና ከመስጠት በፊት የዋስትና ወረቀቱን ማየት አይዘንጋ፤ ጊዜው ሳያልፍ በሌላ ሰው መከፈቱ ዋስትናውን ሊያሳጣ ይችላል።

የገመድ አልባ ጆይስቲክ ባትሪ አብጦ ሽፋኑን መግፋት ከጀመረ ቻርጅ ማድረግ ወዲያውኑ ይቆማል። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጨመቅም፣ ወደ እሳትም አይጣልም።