መኪና መግዛትና ኢንሹራንስ ማስገባት በእስራኤል፦ ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ተጠያቂ ነው

በኢትዮጵያ ሊብሬ የሚባለው የመኪና ወረቀት በእስራኤል ሪሽዮን ሬኼቭ ይባላል። በየዓመቱ ይታደሳል፤ የባለቤቱም ስም ተጽፎበታል። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ግን ስሙ የአባት ወይም የእናት ሆኖ ቁልፉ በልጅ ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ወጣት በመሆኑ ኢንሹራንሱ ይወደድበታል፣ ወይም ባንክ ብድር ይከለክለዋል። "አባ፣ በእርስዎ ስም ይሁን" ይላል፤ አባትም ለልጃቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ይህ ፊርማ ቀላል ውለታ ይመስላል። በሕግ ፊት ግን መኪናው የአባት ነው። ቅጣቱም፣ ዕዳውም፣ አደጋ ሲደርስ የሚመጣው ጥያቄም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ስለዚህ መኪና ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

ስሙ የማን ይሁን?

በመኪናው የትራፊክ ጥፋት ከተፈጸመ፣ ሌላ ሰው ይነዳ እንደነበር ባለቤቱ ካላስረዳ በቀር እንደ ነጂ የሚቆጠረው ባለቤቱ ነው። የፍጥነት ካሜራ ፎቶም ሆነ የፓርኪንግ ቅጣት በባለቤቱ አድራሻ ይላካል። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለሆነ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በጊዜው ያልተከፈለ ቅጣት ግን ጭማሪ ይጣልበታል፣ ቆይቶም ወደ ዕዳ አስከፋዮች ሊሄድ ይችላል። ቅጣቱን ወደ እውነተኛው ነጂ ስም ማዛወር ይቻላል፤ ሃሳባት ዶኽ ይባላል። ለዚህም በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የቀን ገደብ ማክበር ያስፈልጋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ስለ መኪናው የሚመጣ ማንኛውም ፖስታ ወዲያው ተከፍቶ ይነበብ።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የቢቱዋሕ ሌኡሚ ገንዘብ ነው። የገቢ ድጎማ (ሃቭታኻት ሃኽናሳ) ወይም ከጡረታ ጋር የገቢ ማሟያ (ሃሽላማት ሃኽናሳ) ለሚቀበል ሰው፣ በስሙ መኪና መኖሩ በክፍያው ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። መኪና ያለው ሰው በጅምላ ድጎማ እንዳያገኝ የሚከለክለውን ደንብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ሽሮታል። ይህ ማለት ግን መኪና ምንም አይቆጠርም ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የተለያዩ ሁኔታዎች ተቀምጠዋል። የሰው መኪና ዘወትር መጠቀምም ሊጠየቅበት ይችላል። መኪናው የልጅ ነው ብሎ በኋላ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ፣ ከመፈረም በፊት ወደ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋውን የሚያነጻጽረው መሒሮን ሌቪ ይጽሐቅ በሚባለው የዋጋ መመሪያ ነው። ዋጋው የሚወጣው በሞዴሉና በዓመቱ ብቻ አይደለም። ስንት ኪሎሜትር ሄዷል? ስንት ሰው እጅ ገብቷል? ቀድሞ የግል ነበር፣ የኪራይ፣ የሊዚንግ ወይስ ታክሲ? እነዚህ ሁሉ ዋጋውን ይቀንሳሉ ወይም ይጨምራሉ። በዕብራይስጥ ያድ ሪሾና፣ ያድ ሽኒያ ሲባል የመጀመሪያ እጅ፣ ሁለተኛ እጅ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የያገለገሉ መኪናዎች ሽያጭ ሕግ፣ ሻጩ ስለ መኪናው ማወቅ የሚገባውን ነገር ለገዢው በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። ገዢውም መኪናውን በመመርመሪያ ተቋም (ማኾን ብዲካ) የማስፈተሽ መብት አለው። ሻጩ ፍተሻን የማይወድ ከሆነ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። የፍተሻው ገንዘብ ከኪስ ቢወጣም፣ ሻሲው በአደጋ የተጎዳ ወይም ሞተሩ ያለቀ መኪና ከመግዛት ያድናል። የሚፈትሸው ተቋም በገዢው ይመረጥ፤ ሻጩ "የማውቀው ቦታ አለ" ቢል እሺ ማለት አያስፈልግም።

ከሞተሩ ሌላ ዕዳውም ይመረመራል። አንድ መኪና ለብድር ዋስትና ሊያዝ (ሺዕቡድ) ወይም በፍርድ ሊታገድ (ኢኩል) ይችላል። ይህን ለማወቅ ሁለት ቦታ ይጠየቃል፤ አንደኛው የትራንስፖርት ሚኒስቴር የፈቃድ ክፍል፣ ሁለተኛው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የመያዣ መዝገብ (ራሻም ሃማሽኮኖት) ነው። በአንዱ ያልታየ በሌላው ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱም ይታዩ። የሻጩ መታወቂያ ቁጥርና በሪሽዮን ላይ ያለው የባለቤት ስምም መመሳሰል አለባቸው። "መኪናው የአጎቴ ነው፣ እኔ ነኝ የምሸጥለት" የሚል ሰው ከመጣ፣ ባለቤቱ ራሱ ይምጣ።

ክፍያና ስም ማዛወር

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ገንዘቡና ስም ማዛወሩ (ሃዕባራት ባዕሉት) በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ቢሆኑ ይመረጣል። ስም የሚዛወረው ሻጭና ገዢ መታወቂያቸውን (ተዑዳት ዜሁት) እና የመኪናውን ሪሽዮን ይዘው ፖስታ ቤት በመሄድ ነው፤ ሁለቱም ካጸደቁ በትራንስፖርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይም ይቻላል።

ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በባንክ ቼክ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል። ከጥር 2019 ጀምሮ የሚሠራው የጥሬ ገንዘብ ሕግ፣ በሁለት ግለሰቦች መካከል ለሚደረግ የመኪና ሽያጭ የጥሬ ገንዘብ ክፍያን እስከ 50,000 ሸቀል ይገድባል። ከነጋዴ ሲገዛ ግን ገደቡ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ለሻጩም ማስጠንቀቂያ አለ። መኪናውን ሸጦ ቁልፉን የሰጠ፣ ስሙን ግን ያላዛወረ ሰው አሁንም ባለቤት ነው። ገዢው በቀይ መብራት ሲያልፍ ደብዳቤው የሚደርሰው ለሻጩ ነው። በመተማመን "በሚቀጥለው ሳምንት እናዛውራለን" ብሎ መለያየት አይገባም፤ ገዢው ዘመድም ቢሆን።

ሦስቱ ኢንሹራንሶች

አንደኛው ቢቱዋሕ ሆቫ ነው፤ የግዴታ ኢንሹራንስ ማለት ነው። ያለ እሱ መኪና ከቆመበት መንቀሳቀስ የለበትም። ሆቫ የሚሸፍነው የሰውን አካል ብቻ ነው፤ ነጂውን፣ ተሳፋሪዎችን፣ የተገጨውን እግረኛ። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሣ ሕግ መሠረት፣ ተጎጂው ማን ጥፋተኛ እንደነበር ሳይከራከር ካሣ ይጠይቃል። ሆቫ ለቆርቆሮ አንድ ሸቀል አይከፍልም። የሆቫ ሽፋን በሕግ የተወሰነ ስለሆነ በሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው ዋጋው ብቻ ነው። ዋጋውን የካፒታል ገበያ፣ የኢንሹራንስና የቁጠባ ባለሥልጣን ባዘጋጀው የዋጋ ማነጻጸሪያ በነጻ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ጻድ ሽሊሺ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። የራስ መኪና የሰውን መኪና ወይም አጥር ቢጎዳ የዚያን ሰው ንብረት ይከፍላል፤ የራስን መኪና አያስጠግንም። ሕግ አያስገድድም፤ ነገር ግን ያለ እሱ በ15,000 ሸቀል መኪና የሚሄድ ሰው አንድ ውድ መኪና ቢገጭ ከራሱ መኪና ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ መኪናው አሮጌ ነው ተብሎ ይህን መተው ትልቅ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መኪፍ ነው። የሦስተኛ ወገንን ጨምሮ የራስ መኪና ሲገጭ፣ ሲሰረቅ ወይም ሲቃጠል ይከፍላል። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ለአሮጌ መኪና ላያዋጣ ይችላል። በመኪፍ ውስጥ ሁለት ነገር በደንብ ይጠየቅ። አንደኛው ሂሽታትፉት ዓጽሚት ነው፤ በእያንዳንዱ አደጋ ባለቤቱ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ማለት ነው። ከኩባንያው ጋር በሚሠራ ጋራጅ (ሙሳኽ ሄስዴር) ሲጠገን ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ሁለተኛው የስርቆት መከላከያ (ሚጉን) ነው፤ ኩባንያው እንዲገጠም የጠየቀው መሣሪያ ካልተገጠመ፣ መኪናው ሲሰረቅ ካሣ ሊከለከል ይችላል።

ማን ነው የሚነዳው?

ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። የነጂው ዕድሜ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣበት ዘመን፣ ያለፉት ዓመታት አደጋዎች ዋጋውን ይወስናሉ። በብዙ ውሎች 24 ዓመት ያልሞላው ሰው ወጣት ነጂ ይባላል፤ እሱን መጨመር ዋጋውን ያስወድዳል። ገንዘብ ለመቆጠብ "እኔ ብቻ ነኝ የምነዳው" ማለት ግን አደገኛ ነው። የ20 ዓመቱ ልጅ ዓርብ ማታ መኪናውን ይዞ ቢገጭ፣ ኩባንያው ለመኪናው ጉዳት አልከፍልም ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. የ1981 የኢንሹራንስ ውል ሕግ የተጠየቀውን በእውነት የመመለስ ግዴታ ይጥላል።

የስልክ ንግግሩ ብዙ ጊዜ ስለሚቀዳ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሲያስተረጉም ጥያቄውንም መልሱንም ሳያሳጥር ቃል በቃል ማስተርጎም አለበት። "እሺ በላቸው" ብሎ ማለፍ በኋላ ዋጋ ያስከፍላል። በሆቫ ወረቀት ላይም ማን እንዲነዳ እንደተፈቀደ የሚገልጽ መስመር አለ፤ እሱም ይነበብ።

ያለ መንጃ ፈቃድ ወይም ያለ ሆቫ የነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ ካሣ አያገኝም። መኪናውን ያለ ሆቫ እንዲነዳ የፈቀደ ባለቤትም፣ በዚያ ጉዞ ላይ ቢጎዳ መብቱን ያጣል። የተጎዱትን እግረኛና ተሳፋሪ ካርኒት የተባለው ፈንድ ይከፍላቸዋል፤ ከዚያም የከፈለውን ገንዘብ ተመልሶ ከጥፋተኞቹ ይጠይቃል። ይህ ዕዳ አንድ ቤተሰብ በዕድሜ ልክ ሥራ የማይከፍለው ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር መንጃ ፈቃድ የሚነዳ አዲስ ገቢ (ዖሌ ሐዳሽ) ደግሞ ፈቃዱ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑን አውቆ ጊዜው ሳያልፍ ማስቀየር አለበት።

አደጋ ሲደርስ

ሰው ከተጎዳ ለአምቡላንስ 101፣ ለፖሊስ 100 ይደወላል። የሌላው ነጂ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥርና የኢንሹራንስ ኩባንያው ይጻፋል፤ የመኪናዎቹ ፎቶም በስልክ ይነሳል። "ጥፋቱ የኔ ነው" ተብሎ ወረቀት ላይ አይፈረምም።

የተጎዳ ሰው "አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ" ብሎ ቤቱ አይግባ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጉዳቱ ከመኪና አደጋ መሆኑን ያስመዝግብ፤ ለፖሊስም አስታውቆ ማረጋገጫ ይያዝ። ከ2010 ጀምሮ የሕክምናው አገልግሎት በኩፓት ሖሊም በኩል ይሰጣል። አደጋው ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ ከደረሰ፣ የሥራ አደጋ ስለሆነ ለቢቱዋሕ ሌኡሚም ማመልከቻ ይገባል።

ጠበቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ በሆቫ ጉዳይ ግን የጠበቃ ክፍያ በሕግ ተወስኗል። ክስ ሳይመሠረት በስምምነት ካለቀ 8 በመቶ፣ ከክስ በኋላ በስምምነት ካለቀ 11 በመቶ፣ በፍርድ ካለቀ 13 በመቶ ነው፤ በላዩ የተጨማሪ እሴት ግብር (ማዓም) ይጨመራል። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ወይም ሆስፒታል አልጋ ድረስ መጥቶ "እዚህ ፈርሙ" የሚል ሰው ካለ፣ ፊርማው ይቆይ።

ከመፈረም በፊት አምስት ጥያቄዎች

1. ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስም የማን ነው? ያ ሰው ምን እንደሚከተለው ያውቃል?
2. መኪናው በገዢው ምርጫ ተፈትሿል? ዕዳና እገዳ አለበት?
3. ገንዘቡ የሚከፈለው ስም በሚዛወርበት ሰዓት ነው?
4. ሆቫ ብቻ ነው ያለው ወይስ ቢያንስ ጻድ ሽሊሺም ተጨምሯል?
5. መኪናውን የሚነዱት ሁሉ በኢንሹራንሱ ውስጥ አሉ?

አምስቱም ከተመለሱ፣ ለልጁ ውለታ መዋል ይቻላል። አንዱ ካልተመለሰ ግን "ቆይ ልጄ፣ እስክጠይቅ ድረስ" ማለት ልጅን መጨከን አይደለም፤ ልጁንም ቤቱንም መጠበቅ ነው።