የጎል ጦርነትና የዙፋን ጥያቄ፦ ድል ብቻውን ንጉሥ ያደርጋልን?
(በተፍኪ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፣ በጽሑፍ የቀረበ)



በአዋሽ ሜዳ ዳር ቆሜ በጎጃም ስለተደረገ ጦርነት መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ባለ ታሪክ ሱስንዮስ በልጅነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ ከአንድ ዓመት በላይ አብሯቸው የኖረ፣ የውጊያ ስልታቸውን የቀሰመ፣ ከዙፋን በፊትም በሸዋ በሽፍትነት የተንከራተተ ልዑል ነው። በጎል ያሸነፈው ሰው በከፊል የተቀረጸው በእኛ አካባቢ ነው ማለት ይቻላል።

የችግሩ ሥር ከጦርነቱ ይቀድማል። የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረው አምባ ግሸን በግራኝ ጦር በ1540 እ.ኤ.አ. ከወደቀ ወዲህ ወራሾችን በአንድ ስፍራ መጠበቅ አልተቻለም። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ከእቴጌ ማርያም ሥና ያልተወለደው ያዕቆብ በሰባት ዓመቱ ገደማ ነገሠ። ሥልጣኑ ግን በእቴጌዪቱና በመኳንንቱ እጅ ነበር። በ1603 እ.ኤ.አ. ያዕቆብ ወደ እናርያ ተጋዘ፤ የንጉሡ የወንድም ልጅ ዘድንግልም ተተካ።

ዘድንግል ሰው ነጻ፣ ምድር ግን ገባሪ እንድትሆን ማወጁ ከጭፍራ ባላባቶች ጋር አጋጨው። ወደ ካቶሊካውያን ማዘንበሉ ደግሞ አቡነ ጴጥሮስን አስቆጣ፤ ጳጳሱም ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላ ፈታ። ንጉሡ በ1604 እ.ኤ.አ. በደምቢያ፣ በባርጫ ጦርነት ወደቀ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ጦሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት የተፈታው መሐላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያዕቆብና ሱስንዮስ ሁለቱም ዙፋኑን ጠየቁ። የጦር አለቃው ዘሥላሴ አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው አደረ። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. (1607 እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ሠራዊቶች በጎጃም፣ በጎል ተገናኙ። እንደሚተረከው የያዕቆብ ጦር በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ሆኖም ድሉ የሱስንዮስ ሆነ። ያዕቆብም አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሜዳ ሞቱ። የፈቺው እጅ ራሱ ከንጉሡ ጋር ወደቀ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ብዙም ሳይቆይ በደብረ ቢዘን አንድ ሰው «ያዕቆብ ነኝ» ብሎ ተነሣ፤ በጎል ቆሰልሁ በማለት ፊቱን በከፊል ይሸፍን ነበር። ብዙዎችም ተከተሉት። ተሸናፊው ሞቶ እንኳ የሚታመን መሆኑ የአሸናፊው ሕጋዊነት ገና አለመጽናቱን ያሳያል። ሱስንዮስ በ1608 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም ሄዶ በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ የደፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሰይፍ ያስገኘውን ቅባት ማጽናት ነበረበት።

ተማሪዎቼ፣ የጎልን ታሪክ በአብዛኛው የምናነብበው በአሸናፊው ቤተ መንግሥት ከተጻፈው የሱስንዮስ ዜና መዋዕል መሆኑን አትርሱ። በያዕቆብ ጸሐፊ የተጻፈ መዋዕል ለእኛ ቢደርስ ኖሮ፣ ዛሬ «ሽፍታ» የምንለው ማንን ይሆን ነበር?

ሱስንዮስ ራሱ ኋላ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲያጸና፣ ከሕዝቡ ጋር ያገናኘው የነበረውን መሐላ አላላ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በጎል የተገኘው ድል ዙፋን አስገኘለት፤ ሊያቆይለት ግን አልቻለም። ስለ ሥልጣን ሽግግር ስንጠይቅ «ማን አሸነፈ?» ብቻ ሳይሆን «ማን አመነበት?» ብለን እንድንጠይቅ የሚያስተምረን ይህ ነው።