የቡሬ ምሽግ እና «አፕዴት ያድርጉ» የሚለው ማስታወቂያ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ስልክ ነው፤ የምጀምረው ግን ከቡሬ ምሽግ ነው። ታገሱኝ።

በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ላይ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራ፣ በሺዎች የሚቆጠር የጣሊያን ጦር ሰፍሮ ነበር። ከሱዳን በኩል የገባውና በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከ2 ሺህ ሰው ያነሰ ነበር። ገጠሩን የጎጃም አርበኞች ይዘውታል። ዊንጌት በጨለማ እያጠቃ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያስተኮሰ ጥቂቱን ሰው ብዙ አስመሰለው። ናታሌም ያየውን ሳይሆን የፈራውን አመነና የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ።

ከአንድ ወር በኋላ ደብረ ማርቆስ ተለቀቀች። ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱት የስልክ መስመር ግን ገና ይሠራ ነበር። ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለ ጣሊያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በዚያው መስመር ጣሊያን መስሎ፣ ብዙ ሠራዊት ወደ ዓባይ መሻገሪያ እየገሰገሰ ነው ብሎ በሌላው ጫፍ ላሉት ነገራቸው። አመኑት፤ ቦታቸውንም ለቀቁ። ለምን አያምኑት? ወሬው የመጣው በራሳቸው መስመር፣ በራሳቸው ቋንቋ ነው።

ያኔ ይህ ዘዴ ለእኛ ነፃነት ሆነ። ዛሬ ግን ያው ዘዴ በእኛው ላይ ተመልሷል።

መስከረም 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በወቅቱ አሜሪካ የነበሩት የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዋና ዳይሬክተር አቶ ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። በውስጡ ያለው ሊንክ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራ ቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ገጽ ነበር። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ «ዶት ኮም» የነበረው «ዶት ኔት» ሆኗል። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻዎን አፕዴት ያድርጉ ይላል። አቶ ጃዋር ጠረጠሩና ኢሜይሉን በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ላኩት። አፕዴት የተባለው ነገር ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። ሲቲዝን ላብ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ከጥቃቱ ጀርባ ያለው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው ብሎ ደመደመ። በሌሎች ኢሜይሎች ደግሞ «አዶቤ ፒዲኤፍራይተር» ጫኑ ይባል ነበር። አዶቤ እንዲህ የሚባል ምርት የለውም።

«እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁ፣ ማን ይሰልለኛል?» የሚል አይጠፋም። ዘዴው ግን ከሰላይ እጅ ወጥቶ ከሌባ እጅ ከገባ ቆይቷል። ቡሬ አካባቢ ገጠር ያለ የአጎቴ ልጅ በርበሬ ሸጦ ስልክ ገዛ። ቪዲዮ እያየ ሳለ «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል፣ አሁኑኑ አፕዴት ያድርጉ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለበት። ደነገጠና ነካው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በማስታወቂያ ተጥለቀለቀ፤ የሞላው ካርድም ሳይደውል ያልቅ ጀመር። ፍኖተ ሰላም ስንገናኝ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስልኬን ላድን ብዬ ነው» አለኝ። ናታሌም ጦሩን ላድን ብሎ ነበር።

የእኛ አካባቢ ችግር ድርብ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሲመጣ ስለኖረ፣ አፕ የምንቀበለው ከጓደኛ በሼርኢት ወይም ከሱቅ በሚሞሪ ካርድ ሆኗል። ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ሌላው ወገን ደግሞ አንዴ ስለተታለለ እውነተኛውንም አፕዴት እርግፍ አድርጎ ትቷል። ይህም አያዋጣም። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የገባው በአብዛኛው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ያወጣውን ጥገና ባልጫኑ ኮምፒውተሮች ነው።

ስለዚህ መፍትሔው አፕዴትን መሸሽ ሳይሆን በሩን መለየት ነው። ድረ ገጽ ስትከፍቱ የሚመጣ «አፕዴት» ሁሉ ውሸት ነው በሉ። የገጹን ቁልፎች ሳትነኩ፣ «ይቅርብኝ» የሚለውንም ጭምር፣ ብራውዘሩን ራሱን ዝጉት። የስልኩን አፕዴት ራሳችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ፣ የአፑን ደግሞ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ ፈልጉት። ፍላሽ አፕዴት አድርጉ የሚላችሁ ካለ ሳትጠራጠሩ ውሸታም በሉት፤ አዶቤ ፍላሽን በ2013 ዓ.ም. ቀብሮታል። ነክታችሁ ከሆነም ዳታውን አጥፉ፣ በቅርብ የተጫነውን እንግዳ አፕ አውጡ፣ የይለፍ ቃላችሁን በሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ።

ከሁሉ በላይ አትቸኩሉ። የቡሬን ምሽግ ያስለቀቀው ከመድፉ ይልቅ ድንጋጤው ነው። ይህን ጽሑፍ ለእናት አባቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ ስልኩ በእጃቸው ነው፣ ወሬው ግን አልደረሳቸውም።