ትንሿ ፒካፕ፣ የዶሮ ቀረጥ እና የሃይብሪድ ባትሪ

ነጋዴ ፒካፕን የሚመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ስንት ኩንታል ትጭናለች? በወር ስንት ቀን ጋራዥ ትውላለች? መኪና ስትቆም ዕቁባችን፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና ለደንበኛ የሰጠነው ቃል አብረው ይቆማሉ። ሰሞኑን አሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን የሚመጣው ጥያቄ ስለ ፎርድ ማቭሪክ ነው። ለሱቅና ለምግብ ቤት ዕቃ ማመላለሻ የሚፈልጓት ትንሽ የሃይብሪድ ፒካፕ ናት። «ነዳጅ ትቆጥባለች ይሉናል፤ ግን ባትሪዋ ቢሞትስ?» ይላሉ። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ትንሽ ፒካፕ አዲስ ነገር አይደለችም። ቶዮታ ሂልክስን ለጃፓን ገበያ ያቀረበው በ1968 ነው። በ1972 ማዝዳ የሠራት ፒካፕ «ፎርድ ኩሪየር»፣ አይሱዙ የሠራት ደግሞ «ሸቭሮሌት ላቭ» ተብለው ለአሜሪካ ገበያ ቀረቡ። አዎ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ስንጭንበት የኖርነው ያው አይሱዙ ነው። እነዚህን መኪኖች በአሜሪካ ወደብ የገጠማቸው ፈተና ግን ከዶሮ የመጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ የምዕራብ ጀርመንንና የፈረንሳይን ገበያ ስላጥለቀለቀ አውሮፓውያኑ በዶሮ ላይ ቀረጥ ጨመሩ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በአጸፋው በ1963 መጨረሻ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የሌሎቹ በጊዜ ብዛት ተነሣ፤ የጭነት መኪናው ግን እስከ ዛሬ አለ። ጉምሩክን የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነውን መገመት አያቅተውም። አስመጪዎቹ መኪናውን ያለ ካሶኒ፣ ሻንሲና ጋቢናውን ብቻ በ4 በመቶ ቀረጥ ያስገቡና ካሶኒውን እዚያው አሜሪካ ይገጥሙ ጀመር። ይህ በር በ1980 ተዘጋ። ሱባሩ ደግሞ «ብራት» የተባለችው ፒካፑ ካሶኒ ላይ ሁለት ወንበር ገጥሞ የሰው መኪና ናት ብሎ አሳለፋት። ዕቃችን በየትኛው የታሪፍ መደብ ይግባ እየተባለ ስንከራከር ለምንውል ሰዎች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም።

ቀረጡ የውጭ ፒካፕን ሲያስወድድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የበለጠ ወደሚያተርፈው ወደ ትልቁ ፒካፕ አዘነበሉ። ፎርድ ትንሿን ሬንጀር አሜሪካ ውስጥ መሥራቱን በ2011 አቆመ። ስለዚህ ትንሿ ፒካፕ ከገበያ የጠፋችው ደካማ ስለነበረች አይደለም፤ የቀረጡና የትርፉ ስሌት ነው ያስወጣት።

በዚህ መሐል ሃይብሪድ በሌላ መንገድ እየተፈተነ ነበር። ቶዮታ ፕሪየስን በጃፓን በ1997፣ ፎርድ ደግሞ ኤስኬፕ ሃይብሪድን በ2004 አወጡ። ኤስኬፕ ብዙም ሳይቆይ በሳን ፍራንሲስኮና በኒው ዮርክ ታክሲ ሆነ። ታክሲ ማለት ቀንና ሌሊት፣ በየመብራቱ መቆምና መነሣት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ መጀመሪያ ከተሰማሩት መካከል ከ300 ሺህ ማይል በላይ፣ በእኛ ከ480 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሠርተው ጡረታ የወጡ አሉ። ሃይብሪዱን የፈተነው የፋብሪካ ማስታወቂያ ሳይሆን የታክሲ ሹፌር ነው።

ለምን እንደቆየ መካኒክ ሲያስረዳ ቀላል ነው። እነዚህ ሃይብሪዶች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ እንደ ድሮው ዓይነት ሞተሪኖና ዲናሞም የላቸውም። የቤንዚን ሞተሩንና ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚያገናኘው የጥርስ ስብስብ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ግፊት ወደ ባትሪ ስለሚመለስ የፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም።

ማቭሪክ በ2021 አጋማሽ ይፋ ስትሆን የያዘችው ይህንኑ የኖረ አሠራር ነው። የምትገጣጠመው በሜክሲኮ፣ በኤርሞሲዮ ከተማ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ምክንያት ያ የዶሮ ቀረጥ አልነካትም። መነሻ ዋጋዋ ከማጓጓዣ ውጭ ከ20 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ወደ 680 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ትጭናለች። በከተማ በጋሎን 42 ማይል፣ ማለትም በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች ተብሎ ተመዘገበላት። ፈላጊዋ ስለበዛ ፎርድ የ2022ን ሃይብሪድ ትእዛዝ ገና በጥር ዘጋው።

ታዲያ ምኗ ተበላሸ? ሁሉም የፈራው ትልቁን ባትሪ ነበር። በይፋ የተመዘገቡት ትላልቅ ጥሪዎች ግን ወደ ሌላ ይጠቁማሉ። በ2022 ፎርድ ማቭሪክን ጨምሮ 100 ሺህ ያህል ባለ 2.5 ሊትር ሃይብሪዶችን ጠራ፤ ሞተሩ ከተሰበረ ዘይትና የነዳጅ ትነት ወጥቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል ተብሎ ነው። በ2023 ጥሪው ሰፍቶ ከ125 ሺህ በላይ ሆነ። በ2024 ደግሞ ማቭሪክንና ብሮንኮ ስፖርትን አንድ ላይ ከ456 ሺህ በላይ መኪኖች ተጠሩ፤ ምክንያቱ ሁላችንም የምናውቃት ተራዋ የ12 ቮልት ባትሪ መድከሟን መኪናው በጊዜ አለማወቁ ነበር። በ2025 መጀመሪያም በዚያችው በትንሿ ባትሪ ሰበብ ሌላ ጥሪ ወጣ። ያስቸገሩት ነባሮቹ የመኪና ክፍሎች ናቸው፤ የሞተር ብረትና የ12 ቮልት ባትሪ።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ለትልቁ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ዋስትና አለው። ያገለገለች ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሯን በመንግሥት የጥሪ መፈለጊያ አስገብታችሁ ጥሪዎቹ ሁሉ መሠራታቸውን አረጋግጡ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። በወሬ መግዛት ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሆናል።

ወደዚህ ልላካት ለምትሉ ግን ታሪኩ ሌላ ነገር ያስተምራል። ሂልክስ በእኛ መንገድ የታመነችው በጥንካሬዋ ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫዋና የሚፈታት መካኒክ በየከተማው ስላሉ ነው። ማቭሪክ ይህ ገና የላትም። መሪዋም በግራ ነው፤ ሞያሌን ተሻግረን ኬንያ ስንገባ መንገዱ ወደ ግራ ይቀየራል፤ ኬንያም የምታስመዘግበው ባለ ቀኝ መሪ መኪና ነው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ ሃይብሪድም ቤንዚን ስለሚያነድ አንድ ዶላር ከመላካችሁ በፊት ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ያዙ።

እዚያ ላለ ሱቅ ማቭሪክ የተፈተነ ልብ ያላት፣ ጥሪዋን መከታተል የሚጠይቅ ሠራተኛ መኪና ናት። እዚህ ለእኛ ግን ገና ጋራዥ ያልተከፈተላት እንግዳ ናት።