ጋዙ የት ሄደ?

ሐምሌና ነሐሴ አገር ቤት ጋቢ የሚደረብባቸው የዝናብ ወራት ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ግን በእነዚሁ ወራት እርጥብ ወበቅ ሰውን ያፍናል። አዲስ አበባ ላይ በሰማያዊና ነጭ ታክሲ ያደገ ሰው መስኮት ዝቅ ማድረግ እንጂ በመኪና ውስጥ ማቀዝቀዣ መክፈት አልለመደም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከከተመ በኋላ ግን፣ በተለይም ኑሮው በታክሲ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ኤር ኮንዲሽነር ቅንጦት መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ ጉዳይ ይሆንበታል።

ዕቃው ሥራ ሲያቆም ብዙው ሰው ጋራዥ ገብቶ የሚናገረው አንድ ነው፤ «ጋዙ አልቆ ነው፣ ሙላልኝ።» መካኒኩ አስቀድሞ የምርመራ ክፍያ ሲጠይቀው ደግሞ ቅር ይለዋል። ሁለቱም፣ አባባሉም ክፍያውም፣ ታሪክ አላቸው።

ማቀዝቀዣ በፋብሪካ ገጥሞ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የመኪና ኩባንያ ፓካርድ ሲሆን፣ ይኸውም በ1939 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነበር። ዋጋው 274 ዶላር ነው። መሣሪያው የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይሻማ ነበር፤ ማጥፊያም አልነበረውም። የበረደው ባለመኪና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጋውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት! ፓካርድ ብዙ ሳይቆይ ተወው። በ1954 ናሽ የተባለው ኩባንያ መላ መሣሪያውን ወደ ፊት አምጥቶ በ345 ዶላር አቀረበ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች ከግማሽ የሚበልጡት ማቀዝቀዣ ነበራቸው።

በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ አር 12 ይባላል፤ ሕዝብ የሚያውቀው ግን ፍሪዮን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። የፈጠሩት ቶማስ ሚድግሊና ባልደረቦቹ ናቸው። ከዚያ በፊት ማቀዝቀዣዎች እንደ አሞኒያ ባሉ መርዛማ ጋዞች ይሠሩ ስለ ነበር፣ ሚድግሊ በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ውስጥ ስቦ በትንፋሹ ሻማ አጠፋበት፤ እንደማይመርዝና እንደማይቀጣጠል ለማሳየት ነው። (ቤንዚን ላይ እርሳስ እንዲጨመር ያደረገውም ይኸው ሰው ነው።)

ፍሪዮን ርካሽ በነበረበት ዘመን ምርመራ የሚባለው ነገር አጭር ነበር። በብዙ መኪና ላይ በጋዙ መንገድ አንዲት ትንሽ የመስታወት መስኮት ነበረች። መካኒኩ አጎንብሶ ያያል፤ አረፋ ካየ ጋዙ ጎድሏል ብሎ ከመደብር የተገዛ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ይጨምራል። በየበጋው እንዲሁ ነው። «ጋዝ ሙላልኝ» የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሆኖም ፍሪዮን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ይኖራል፤ ከጎማና ከማኅተም በዓመታት ጥቂት ቢተንም፣ በአንድ በጋ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ያ የፈሰሰው ሁሉ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ መልሱን ሰጡ፤ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን ይበላል አሉ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ሽፋኑ ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። አሜሪካ በ1990 በእያንዳንዱ ፓውንድ ፍሪዮን ላይ የ1 ዶላር ከ37 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ ቀረጡ በ1995 5 ዶላር ከ35 ደረሰ። ከነሐሴ 1992 ጀምሮ የምስክር ወረቀትና ጋዙን መልሶ የሚሰበስብ ማሽን የሌለው ሰው በክፍያ የመኪና ማቀዝቀዣ እንዳይነካ ተከለከለ። በኅዳር ደግሞ ትንንሾቹ ቆርቆሮዎች ለማንም መሸጣቸው ቀረ። በ1995 መጨረሻ አዲስ ፍሪዮን ማምረትና ማስገባት ቆመ፤ በማያሚ ወደብ በኩል ፍሪዮን እንደ ዕፅ በኮንትሮባንድ ይገባ ጀመር።

ይህ ሁሉ የከበደው አሮጌ መኪና በያዘው ላይ ነው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ከ1992 እስከ 1994 ባለው ጊዜ ወደ አር 134ኤ ሲዛወሩ፣ ገና እግሩን የተከለው ስደተኛ የሚገዛው የ1980ዎቹ መኪና ግን በፍሪዮን የሚሠራ ነበር። አማራጩ ውዱን ጋዝ መግዛት ወይም መኪናውን ወደ አዲሱ ጋዝ ማስቀየር ነው። አንዳንዱ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ ያስሞላ ነበር፤ የሁለቱ ጋዞች ዘይት ስለማይስማማ ኮምፕሬሰሩን ለጉዳት ያጋልጣል፣ የመካኒኩንም ማሽን ያበላሻል። ጋራዦች ጋዙን ሳይለዩ አንነካም ማለት የጀመሩት ለዚህ ነው።

ባለመኪናው ራሱ ግን ብዙ ሊመረምር ይችላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ ዞሮ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚወርደውን ሾፌር እንውሰድ። በ1961 የተከፈተው አሮጌው የዊልሰን ድልድይ ለመርከብ ሲነሳ መኪና ሁሉ በፀሐይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ያኔ አየሩ ሞቆ መኪናው ሲንቀሳቀስ መልሶ ከቀዘቀዘ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጋዙ ሳይሆን ከፊት ያለው ማራገቢያ ነው። ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ነፋሱ እየደከመ ከሄደና ትንሽ አጥፍተው ሲከፍቱት ከተመለሰ፣ በወበቁ እርጥበት ውስጠኛው ክፍል በረዶ ሠርቷል። ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ቶሎ እየገባ ከወጣ ጋዝ ሳይጎድል አይቀርም። ጭራሽ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ካልተሰማ ፊውዙን ማየት ነው፤ ፊውዙ ደህና ከሆነ ምናልባት ጋዙ ከመጉደሉ የተነሣ መከላከያው ስዊች ኮምፕሬሰሩን አስቁሞት ይሆናል። ያን ስዊች በሽቦ ቀጥታ ማገናኘት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ኮምፕሬሰሩ ያለ ቅባት ይፋተጋል።

የሚያፈሰውን ቦታ መፈለግ የመካኒኩ ሥራ ነው። ቀድሞ የጋዝ ፋኖስ ለኩሰው በቱቦው ዙሪያ ያዞሩ ነበር፤ ፍሪዮን ካለ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። አር 134ኤ ክሎሪን ስለሌለው ፋኖሱ አያውቀውም፤ ቦታውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያና በልዩ መብራት የሚታይ ቀለም ወሰዱት። አር 134ኤም ኦዞንን ባይነካ ምድርን ያሞቃል ተብሎ፣ ከ2010ዎቹ ወዲህ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ አር 1234ዋይኤፍ ተተክቶበታል። የትኛው እንደሆነ ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ይናገራል፤ ጋራዥ ከመሄድ በፊት እሱን ማንበብ ገንዘብ አያስከፍልም።